ልዕልቷ መቼ ትናገራለች?

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲቃረብ በመርካቶ የቦርሳ መደብሮች ደጃፍ ያለፈ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ለወንዶች ልጆች የተሰቀሉት ቦርሳዎች መኪና፣ ኳስ ተጫዋች ወይም ጭንብል ያጠለቀ ጀግና ሲታይባቸው፣ የሴቶቹ ግን ዘውድ በደፉና ሰፊ ቀሚስ በለበሱ ልዕልቶች የተሞሉ ናቸው። እነዚሁ ልዕልቶች በልደት ኬክ፣ በውኃ መያዣ፣ በብርድ ልብስና በጫማ ላይ ተመልሰው ይመጣሉ። ብዙ ሴት ልጆች ሀሁን ቆጥረው ሳይጨርሱ ሲንደሬላን፣ ስኖው ዋይትንና ኤልሳን በቀሚሳቸው ቀለም ለይተው ያውቃሉ። እናትና አባትም ልጃቸውን ሲያቆላምጡ «የኔ ልዕልት» ይሏታል። ቃሉ በአማርኛ የከበረ ቃል ነው። ከግእዙ «ልዕለ» ጋር ሥሩ አንድ ሲሆን ከፍ ያለችውን፣ ከፍ የተደረገችውን ያመለክታል፤ ስለ መልክ የሚናገረው ነገር የለም።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚነሣው ክርክር ዘወትር ሁለት ወገን አለው። አንደኛው «ተረት ተረት ነው፤ ልጅ በዘውድና በቀሚስ ብትጫወት ምን ጉዳት አለው?» ይላል። ሌላው ልዕልቶቹ ሴት ልጅን መልኳን እንድታሳምርና የሚያድናትን ባል ቁጭ ብላ እንድትጠብቅ ስለሚያስተምሯት ከቤት ይውጡ ይላል። ሁለቱም ወገኖች ዛሬ ልጆቻችን የሚያውቋት ልዕልት በማን እጅ ተቀርጻ እዚህ እንደደረሰች አይጠይቁም። ይህንን መንገድ ወደኋላ ተከትሎ ላየው ሰው፣ ዘውዱም ቀሚሱም ቀላል ነገሮች መሆናቸው፣ ከባዱ ነገር የልዕልቷ ዝምታ መሆኑ ይገለጥለታል።

የሲንደሬላ ታሪክ እጅግ ያረጀ፣ በብዙ አገርም የተነገረ ነው። በቻይና በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተመዘገበ ተረት፣ የእንጀራ እናቷ የምታንገላታትና በጠፋ ጫማዋ አማካይነት ከንጉሥ ጋር የምትገናኝ ዬ ሺየን የተባለች ልጅ አለችው። ከዚያም በፊት የግሪኩ የመልክዐ ምድር ጸሐፊ ስትራቦ፣ ንስር ጫማዋን ነጥቆ በግብፅ ንጉሥ ጭን ላይ ስለጣለባት ሴት ጽፏል። በ1893 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊቷ የተረት አጥኚ ማሪያን ኮክስ የዚህን ተረት 345 ዓይነት አተራረኮች ሰብስባ አሳትማለች። ከነዚያ ሁሉ መካከል ዓለም በብዛት የተቀበለው በ1697 ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ ያሳተመውን ነው። ወደ ሠረገላ የተለወጠው ዱባ፣ የመስታወቱ ጫማና በአስማት የምትረዳው የክርስትና እናት የእርሱ አተራረክ መለያዎች ናቸው። የፔሮ ሲንደሬላ ለቤተ መንግሥት ሰዎች የምትመች ጨዋ ናት። የበደሏትን እኅቶቿን ይቅር ብላ ለመኳንንት ትድራቸዋለች። ፔሮ በመጨረሻ ካከላቸው ሁለት የግጥም ምክሮች አንዱ ተሰጥኦ ያላት ሰው እንኳ ወደ ላይ የሚያወጣት የክርስትና ወላጅ ከሌላት እንደማይሳካላት በግልጽ ይናገራል። ለልጆች ሲተረት ግን ይህ ምክር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይቀራል።

በጀርመን ወንድማማቾቹ ግሪም ከ1812 ጀምረው ያሳተሙት ስብስብ ሌላ ሲንደሬላን ያሳየናል። እዚያ የክርስትና እናት የለችም። ልጅቷ በእናቷ መቃብር ላይ ራሷ የተከለችውንና በእንባዋ ያጠጣችውን ዛፍ ትለምናለች፤ ወደ ግብዣው የምትሄደውም በራሷ ብልሃት ነው። የእንጀራ እኅቶቿ ጫማው እንዲበቃቸው አንዷ ጣቷን ሌላዋ ተረከዟን ትቆርጣለች፤ በመጨረሻም ርግቦች ዓይናቸውን ያወጡታል። በዚሁ ስብስብ ስኖው ዋይትን ከሞት የሚያነቃት የልዑል ከንፈር አይደለም። የሬሳ ሣጥኗን የተሸከሙት ሰዎች ሲደናቀፉ የተመረዘው የፖም ቁራጭ ከጉሮሮዋ ይወጣና ትነቃለች። እንቁራሪቱን ልዑል ያደረገችውም የንጉሥ ልጅ አልሳመችውም፤ ተናድዳ ከግድግዳ ጋር ነው ያላተመችው። እነዚህ ሴቶች ይቆጣሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይሳሳታሉ።

ይሁንና ግሪሞችም ቢሆኑ ተረቶቹን እንዳገኟቸው አልተዉአቸውም። ከ1812 እስከ 1857 በወጡት ሰባት እትሞች በተለይ ታናሹ ወንድም ዊልሄልም ለልጆች ማንበቢያነት ይመቻሉ ባለው መንገድ ሲያርማቸው ኖሯል። በመጀመሪያው እትም ስኖው ዋይትን ልታስገድላት የፈለገችው የወለደቻት እናቷ ነበረች፤ ከ1819 ጀምሮ ግን የእንጀራ እናት ተደረገች፤ የእናት ክብር እንዲጠበቅ የእንጀራ እናት ስም ጠፋ። ከዚህ ያልተናነሰ ሌላ ለውጥ ያስተዋለችው አሜሪካዊቷ የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ሩት ቦቲግሃይመር ናት። የሲንደሬላን እትሞች ጎን ለጎን አስቀምጣ ስታነብብ፣ የልጅቷ የራሷ ንግግር ከእትም ወደ እትም እየቀነሰ የሌሎቹ ሰዎች ግን እየጨመረ መሄዱን አሳይታለች። ቅን ሴት ዝም እንድትል፣ ክፉ ሴት ግን እንድትናገር ተደረገ ማለት ነው። ይህ እርማት በአንድ ቀን የመጣ ሳይሆን በአርባ አምስት ዓመት ውስጥ በብዕር ጫፍ ቀስ በቀስ የተሠራ ነው። ሲጨርስም ጨዋ ሴት ልጅ ምን እንደምትመስል ለአንድ መቶ ዓመት የሚበቃ ሥዕል ትቶ አለፈ።

በ1937 ዋልት ዲስኒ ስኖው ዋይትን በፊልም ሲያወጣ፣ በ1950 ሲንደሬላን፣ በ1959 ደግሞ እንቅልፍ የጣላትን ልዕልት ሲያስከትል፣ ያ የተጠረበው ሥዕል ቀለምና ዜማ አገኘ። ስለ ዝምታ ሲነሣ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚመረመረው የባሕር ልጅዋ ታሪክ ነው። ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን በ1837 በጻፈው ታሪክ፣ ግማሽ አካሏ ዓሣ የሆነችው ልጅ ሰው ሆና ከምትወደው ልዑል ጋር ለመኖር ስትል ምላሷን ለጠንቋይ ታስቆርጣለች። ከባሕር ያዳነችው እርሷ መሆኗን ልትነግረው አትችልም፤ እርሱም ሌላ ያገባል፤ እርሷ የባሕር አረፋ ትሆናለች። አንደርሰን ድምፅ ማጣት ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል አልደበቀም። በ1989 የወጣው ፊልም ግን ድምፅዋን አስመልሶ በሠርግ ይቋጨዋል። በዚያ ፊልም ውስጥ በየብስ ያሉ ወንዶች ብዙ የምታወራ ሴት አይወዱም የሚለውን ሐሳብ ለልጅቷ የምትነግራት ክፉዋ ጠንቋይ ናት። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ይህ የክፉ ሰው ምክር መሆኑን ለይታ ታውቃለች ወይስ እንደ ጠቃሚ ምክር ትይዘዋለች? አጠገቧ የተቀመጠ ትልቅ ሰው ካልጠየቃት በቀር የምናውቅበት መንገድ የለም።

የቋንቋ ተመራማሪዎቹ ካርመን ፎትና ካረን አይዘንሃወር በ2016 ያቀረቡት ቆጠራ ይህንን ጉዳይ በቁጥር አሳይቷል። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ማን ምን ያህል እንደሚናገር ቃል በቃል ሲቆጥሩ ያልተጠበቀ ነገር አገኙ። አሮጌ ናቸው ተብለው የሚነቀፉት ፊልሞች ለሴቶች ብዙ ንግግር ሰጥተዋል፤ በስኖው ዋይት ግማሽ ገደማ፣ በሲንደሬላ 60 በመቶ፣ በ1959ኙ ፊልም 71 በመቶ የሚሆነው ንግግር የሴቶች ነው። ዘመናዊና ደፋር ልዕልቶችን አመጡ የተባሉት የ1989ና የ1990ዎቹ ፊልሞች ግን የወንዶች ድምፅ የሞላባቸው ናቸው። በባሕር ልጅዋ ታሪክ 68፣ በቆንጆዋና በአውሬው 71፣ በፖካሆንታስ 76፣ ጦር ሜዳ በዘመተችው ሙላን 77፣ በአላዲን ደግሞ 90 በመቶ የሚሆነውን የሚናገሩት ወንዶች ናቸው። ሁለት እኅትማማች ልዕልቶች ያሉበት የ2013ቱ የኤልሳ ፊልም እንኳ ለሴቶች የሰጠው 41 በመቶ ብቻ ነው። ዋናዋ ደፋር ብትሆንም በዙሪያዋ ያሉት አማካሪዎች፣ ወታደሮች፣ ነጋዴዎችና አስቂኝ እንስሳት ሁሉ ወንድ ከሆኑ፣ ተመልካቿ ልጅ ዓለም የወንዶች መሆኑን ከደፋሯ ልዕልት ጀርባ አሻግራ ታያለች። በዚያው ጥናት በጎ ለውጥም ታይቷል። ለሴቶቹ ከሚሰጡት ምስጋናዎች መካከል መልካቸውን የሚመለከቱት በመጀመሪያዎቹ ፊልሞች 55 በመቶ ሲሆኑ በቅርቦቹ ወደ 22 በመቶ ወርደዋል።

በአሜሪካ ይህ ክርክር በጽሑፍ የተቀሰቀሰው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጸሐፊዋ አሊሰን ሉሪ በተረት ውስጥ ብልህና ብርቱ ሴቶች ሞልተዋል ስትል፣ ማርሻ ሊበርማን በ1972 መልስ ሰጠቻት፤ ብርቱዎቹ ያሉት ማንም በማያነባቸው ተረቶች ውስጥ ነው፣ ልጆች ላይ ለውጥ የሚያመጡት ደግሞ ሁሉም የሚያውቃቸው ጥቂቶቹ ናቸው አለች። ክርክሩን ሳነብ እውነቱ ከሊበርማን ጋር ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ከዓመታት በኋላ የተደረገ ጥናትም ይደግፋታል። በ2003 ሁለት የማኅበረሰብ ተመራማሪዎች 168 የግሪም ተረቶችን ሲመረምሩ፣ እስከ ዛሬ በመጽሐፍና በፊልም እየተደጋገሙ የዘለቁት የሴትን ውበት በብዛት የሚያነሱት መሆናቸውን አግኝተዋል። የምታስብ፣ የምትጓዝ፣ የምታታልል ሴት ያለችባቸው ተረቶች ባለመታተም ብቻ ተረሱ።

ቀጥሎ ገበያው መጣ። በ2000 ገደማ ዲስኒን የተቀላቀለው አንዲ ሙኒ የተባለ የንግድ ኃላፊ በፊኒክስ ከተማ የበረዶ ላይ ትርኢት ለማየት ሄዶ፣ ትንንሽ ሴት ልጆች ቤት ውስጥ የተሰፋ የልዕልት ቀሚስ ለብሰው አየ። ከዚያ በኋላ በተለያየ ጊዜ በተለያየ ፊልም የተፈጠሩ ልዕልቶች በአንድ የንግድ ስም ሥር ተሰበሰቡ፤ በ2001 ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር የነበረው ሽያጭ በ2006 ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። በዚህ ሂደት አንድ ደንብ ወጣ። እያንዳንዷ ልዕልት የራሷን ዓለም እንድትጠብቅ፣ በቦርሳና በቀሚስ ላይ አብረው ሲታተሙ እርስ በእርስ አይተያዩም፤ እያንዳንዷ ወደ ሌላ አቅጣጫ ትመለከታለች። ልብ ብሎ ያየ ወላጅ በልጁ ቦርሳ ላይ ሊያገኘው ይችላል። ከፊልሙ ውስጥ ታሪኩ፣ ዜማውና የተናገረችው ቃል ሲወጣ የቀረው ቀሚስ፣ ፀጉርና ፈገግታ ነው። አገራችን የደረሰውም በአብዛኛው ይኸው ቅሪት ነው፤ ፊልሙን አይታው የማታውቅ ልጅ ሥዕሉን ታዝላለች።

ይህ ሁሉ በልጆች ላይ ምን ያደርጋል ለሚለው ጥያቄ ጥሩ ጥናቶች ያሉት በአሜሪካ ነው። በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ሣራ ኮይንና ባልደረቦቿ በ2016 ያሳተሙት ጥናት መዋዕለ ሕፃናት የሚማሩ 198 ሴቶችና ወንዶች ልጆችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ከሴቶቹ 96 በመቶው፣ ከወንዶቹም 87 በመቶው የልዕልት ፊልሞችን አይተዋል፤ በመጫወቻዎቹ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚጫወቱት ግን 61 በመቶ ሴቶችና 4 በመቶ ወንዶች ናቸው። ከልዕልቶቹ ጋር በብዛት የዋሉት ልጆች ከዓመት በኋላ ለሴት የተመደቡ ናቸው የሚባሉ ጨዋታዎችንና ጠባዮችን ይበልጥ አሳዩ። ተመራማሪዎቹ ይህ ልጅቷን እንደ ሳይንስና ስፖርት ካሉ ሙከራዎች ሊያርቃት ይችላል ብለው ሰጉ። በጊዜው ዜናው ዓለምን ዞረ፤ ልዕልቶች ጎጂ ናቸው ተባለ።

ዜናው ያልዞረለት የ2021ዱ ተከታይ ጥናት ነው። ያው ቡድን 307 ልጆችን ከአምስት ዓመት በኋላ፣ አሥር ዓመት አካባቢ ሲሆናቸው ሲጠይቅ፣ በልጅነታቸው ልዕልት ይወድዱ የነበሩት ልጆች ስለ ሴቶች መብትና ትምህርት ይበልጥ እኩልነትን የሚደግፍ አመለካከት ይዘው ተገኙ። ወንዶቹም ጭምር ስሜትን መደበቅና በጉልበት መኩራራት የወንድነት መለኪያ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ያን ያህል አልተቀበሉትም። ሁለቱ ውጤቶች የሚጣሉ ቢመስሉም አይጣሉም። የአምስት ዓመቷ ልጅ የያዘችው ቀሚሱን ነበር፤ የአሥር ዓመቷ ግን ታሪኩ ውስጥ ሴት ዋና ሰው እንደነበረች አስታውሳለች። እርግጥ ይህ ዝምድናን እንጂ መንስኤን የሚያረጋግጥ ጥናት አይደለም፤ የተደረገውም በአሜሪካውያን ቤተሰቦች ላይ ስለሆነ እንዳለ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ሐዋሳ ሊወሰድ አይችልም። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የሚሆነው ነገር ትልቅ መሆኑን ግን ሌላም ጥናት አሳይቷል። በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት በታተመ ጥናት፣ የአምስት ዓመት ሴት ልጆች «በጣም በጣም ጎበዝ» የተባለው ሰው ሴት ነው ብለው የሚገምቱት ወንዶቹ ለራሳቸው ጾታ የሚገምቱትን ያህል ነበር፤ ስድስትና ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ግን ይህ ግምታቸው ወረደ።

ወደ አገራችን ስንመጣ እኔን ከመልክና ከቀሚስ ይልቅ የሚያሳስበኝ የልዕልቶቹ ዕድሜና የታሪካቸው መጨረሻ ነው። በ1959ኙ ፊልም እርግማኑ የሚደርሰው ልዕልቷ 16 ዓመት ሲሞላት ነው፤ በዚያው ሰሞን ለልዑሉ ትሆናለች። የባሕር ልጅዋም 16 ዓመቷ መሆኑን ራሷ ለአባቷ ትናገራለች፤ ፊልሙ የሚያልቀው በሠርጓ ነው። ፖካሆንታስ ደግሞ በእውነተኛው ታሪክ እንግሊዛዊው ሰፋሪ ጆን ስሚዝ ቨርጂኒያ በደረሰበት በ1607 የ11 ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች፤ ፊልሙ ግን ለፍቅር የደረሰች ሴት አደረጋት። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህንን የምታይ ልጅ በ16 ዓመቷ እንደማትዳር ታውቃለች፤ ለእርሷ ነገሩ በእርግጥም ተረት ነው። በኢትዮጵያ ግን በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆኑት ሴቶች 40 በመቶ ያህሉ 18 ዓመት ሳይሞላቸው፣ 14 በመቶ ያህሉ ደግሞ 15 ዓመት ሳይሞላቸው የተዳሩ ናቸው። በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ቢያደርግም በብዙ ቀበሌ የልጅነት ጋብቻ ከሕጉ ተደብቆ ይፈጸማል። ቆንጆዋ ልጅ በአውሬው ቤት ታስራ ቆይታ እስረኛ ያደረጋትን ስትወድ የሚያሳየውም ታሪክ እኛ ዘንድ ሌላ ትርጉም አለው። በ1957 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር፤ ያ ድንጋጌ የቀረው በ2004ቱ የወንጀል ሕግ ነው። ታሪኩ የሚያልቀው በሠርግ ሲሆን፣ ለብዙ የገጠር ልጆቻችን በሠርግ የሚያልቀው ትምህርት ቤት መሄድ ነው።

ዝምታም ቢሆን ከውጭ ብቻ የመጣብን ነገር አይደለም። አማርኛችን ዝም ያለችውን ሴት ልጅ የሚያመሰግንባቸው ቃላት ሞልተውታል፤ ጭምት፣ ዓይነ አፋር፣ አንገቷን የደፋች እንላታለን። የምትጠይቀዋን ግን ዓይን አውጣ፣ ለፍላፊ፣ ምላሰኛ እንላታለን፤ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» እያልንም ዕውቀቷን ለሌላ እናስረክባለን። የግሪም ዊልሄልም ሲያርማት የኖረችውን ዓይነት ልጅ እኛም በምስጋናና በተግሣጽ ስንቀርጽ ኖረናል፤ ከውጭ የመጣችው ልዕልት ቤታችን ስትገባ እንግዳ ያልሆነችው ለዚህ ነው። የመልኩም ነገር እንዲሁ ነው። በረዶ የሚመስል ቆዳ የውበት ስም የሆነላት ስኖው ዋይት ለሐበሻ ልጅ ሩቅ ናት። ሆኖም በየዘፈናችን የሚወደሰው ዞማ ፀጉር፣ በስድብ ቃልነት የምንጠቀምበት «ከርዳዳ»፣ «ቀይ ናት» ሲባል በድምፃችን ውስጥ የሚሰማው አድናቆት የራሳችን ናቸው።

በስደት ለሚያድጉ ልጆች ይህ ጉዳይ ይከብዳል። በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በስቶክሆልም መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የምትገኝ ሐበሻ ልጅ ልዕልት ለመሆን ስትፈልግ፣ ጓደኞቿ «ፀጉርሽ እንደ እርሷ አይደለም» ሊሏት ይችላሉ። ዲስኒ የመጀመሪያዋን ጥቁር ልዕልት ያመጣው በ2009 ነው፤ እርሷም የፊልሙን አብዛኛውን ክፍል የምታሳልፈው እንቁራሪት ሆና ነው። በ2022 የባሕር ልጅዋን የምትጫወተው ጥቁሯ ሃሊ ቤይሊ መሆኗ በፊልሙ ማስታወቂያ ሲታይ፣ «እኔን ትመስላለች!» እያሉ የሚደሰቱ ጥቁር ሕፃናት ቪዲዮ በዓለም ተሠራጨ። ያንን ደስታ ማቃለል አይገባም፤ ልጅ ራሷን በታሪክ መካከል ማየት ያስፈልጋታል። ነገር ግን ፊቷ የተለወጠችው የባሕር ልጅም ድምፅዋን ለጠንቋይዋ ትሰጣለች።

ከዚህ በኋላ ዘወትር የሚቀርበው ምክር ወደ ራሳችን ተረት እንመለስ የሚል ነው። እኔም እደግፈዋለሁ፤ ግን ተረታችን ሁሉ ንጹሕ ነው ብዬ አይደለም። የአንበሳውን ፀጉር ለመንቀል ሥጋ ይዛ ቀን በቀን እየቀረበች የምታላምደውን ሴት ተረት እንውሰድ። በአንዱ አተራረክ ሴትየዋ የምታደርገው የእንጀራ ልጇን ፍቅር ለማግኘት ነው፤ ይህ ክፉ የእንጀራ እናት ብቻ ለሚያውቀው ዓለም ድንቅ ስጦታ ነው፤ ድፍረቷም ትዕግሥቷም የራሷ ናቸው። በሌላው አተራረክ ግን የምታላምደው ቁጡ ባሏን ነው፤ ሽማግሌውም «አንበሳውን እንዳላመድሽው ባልሽንም አላምጂው» ይላታል። ባሏ ለሚደበድባት ሴት ትዕግሥትን ለመምከር ይህንን አተራረክ የሚጠቅስ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ከአገር ቤት ተረትም ቢሆን መምረጥ አለብን። ተረታችን በውጭው መጽሐፍ የማይገኝ ትልቅ ነገር ያለው ግን በአተራረኩ ነው። «ተረት ተረት» ሲባል ሰሚው «የመሠረት» ወይም «የላም በረት» ብሎ ካልመለሰ ተረቱ አይጀመርም፤ ሲያልቅም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይባላል። ሰሚዋ ልጅ ተራዋ ደርሶ ተራኪ እንድትሆን ትጠየቃለች ማለት ነው። ቦርሳውን ከመንጠቅ ይልቅ «የባሕር ልጅዋ ድምፅዋን ባትሰጥ ኖሮ ምን ትለው ነበር? አንቺ ተርቺልኝ» ማለት ይቻላል። የሲንደሬላን ተረት ቀይራ የምትተርክ ልጅ ሲንደሬላን አትጠብቅም፤ ትሠራታለች።

ይህ ጥያቄ የማቅረብ መብት ትልልቆቹን ታሪኮቻችንንም ይመለከታል። በመጽሐፍ ቅዱስ ንግሥተ ሳባ ወደ ሰሎሞን የሄደችው በከባድ ጥያቄ ልትፈትነው ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግእዝ የተጻፈው ክብረ ነገሥትም፣ ነጋዴው ታምሪን ስለ ሰሎሞን ጥበብ ሲነግራት ማክዳ ያንን ጥበብ ለመስማት ስትል ያን ሩቅ መንገድ እንደተጓዘች ይተርካል። ባል ፍለጋ ያልሄደች፣ ልትጠይቅ የሄደች ንግሥት ያለችው ሕዝብ ዕድለኛ ነው። ያው መጽሐፍ ግን ንጉሡ ቅመምና ጨው የበዛበት ምግብ አብልቶ፣ በሌሊት ውኃ ስትጠጣ ከቤቴ ምንም ላለመውሰድ የማልሽውን መሐላ አፈረስሽ ብሎ እንዴት እንደያዛት ይነግረናል። በመጨረሻም ማክዳ መንግሥቷን ለልጇ አስረክባ ከእንግዲህ ሴት በኢትዮጵያ እንዳትነግሥ ታስምላለች። ይህንን ታሪክ በሥዕል የምታይ የአሥር ዓመት ልጅ «ውኃ ብትጠጣ ምን ጥፋት አለባት?» ብላ ብትጠይቅ ማክዳን መሰለቻት እንጂ አልደፈረችም።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። በብዙ አገር ልዕልት የተረት ሰው ናት፤ እኛ ግን አያቶቻችን በዓይናቸው ያዩአቸው ልዕልቶችና እቴጌዎች አሉን። እቴጌ ጣይቱ በውጫሌ ውል ላይ የያዙት አቋምና የመቀሌው ምሽግ የውኃ ምንጭ እንዲያዝ ያቀረቡት ሐሳብ በዓድዋ በዓል ይነገራል። የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ስም ግን ከልጆች መጽሐፍና ከልጆች ቦርሳ ርቆ ቀርቷል። በ1919 የተወለዱት ልዕልት ፀሐይ ከፋሺስት ወረራ በኋላ ከአባታቸው ጋር በእንግሊዝ በስደት ሳሉ፣ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት ተማሩ፤ በ1939 የተመዘገቡ ነርስ ሆኑ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ የታመሙ ሕፃናትን አልጋ ማንጠፍና ቁስል ማጠብ የመረጡበትን ያንን ታሪክ ለአምስት ዓመት ልጅ መተረት አያስቸግርም፤ ነጭ ልብስ ያላት፣ መርፌ የማትፈራ ልዕልት ናት።

ልዕልት ፀሐይ ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ አገቡም። የተረት መጽሐፍ እዚህ ላይ ይዘጋ ነበር። እርሳቸው ግን ባለቤታቸው በአገረ ገዥነት በተመደቡበት በወለጋ፣ በነቀምቴ፣ በነሐሴ 1942 ከእርግዝናና ወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። ነርስ ቢሆኑም፣ የንጉሥ ልጅም ቢሆኑ፣ በዚያ ጊዜ በአገራቸው ብዙ እናቶችን የሚገድለው ነገር አላለፋቸውም። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ ገንዘብ አሰባሰቡ፤ በ1951 በአዲስ አበባ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ተከፈተ። ሕንፃው ዛሬም የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆኖ ሕሙማን ይታከሙበታል፤ በበሩ ከሚያልፉት ልጆች መካከልም ልዕልት በጀርባዋ ያዘለች አትጠፋም።